ነጭ የለበሰውን ቸኮሌት ሳይጥሉ ማዳን

ለካካዎ ገበሬው ተጨማሪ ዋጋ ተከፍሎበት የተሠራ ጥቁር ቸኮሌት ነጭ ለብሶ ከሱቅ ተመለሰ። ሻጋታ አይደለም። ነጩ በጣት ሲታሽ ከቀለጠ የካካዎ ቅቤው ወጥቶ ነው፤ ከሻከረ ግን እርጥበት ስኳሩን አሟሙቶት ነው፤ ያ ለትኩስ መጠጥ ይሁን እንጂ ተመልሶ አይለሰልስም።

የዚህኛው ጣጣ ቅቤው ነበር። እስከ 48 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙሉ በሙሉ ማቅለጥ፣ እያማሰሉ ወደ 28 ማውረድ፣ ከዚያ 31.5 ላይ መልሶ ማድረስ። ከ33 ካለፈ ተፈላጊው ክሪስታል (ቸኮሌቱን የሚያብረቀርቀው የካካዎ ቅቤ ጠጣር ቅንጣት) ይቀልጣልና እንደገና ከ48 መጀመር ነው። (ቴርሞሜትሩም ይፈተሽ፤ የ2 ዲግሪ ስህተት ሁሉን ያበላሻል።) ቢላ ጫፍ ላይ የተቀባው በ5 ደቂቃ ውስጥ ደርቆ ካላብረቀረቀ ወደ ቅርጽ ማውጫው አይፈስስም።

እንደገና የቀለጠው ኪሎ ለብቻው ይመዝገብ፤ ከአዲስ ካካዎ ጋር ከተቆጠረ የፍትሐዊ ንግድ (ለገበሬው ተጨማሪ የሚከፈልበት ንግድ) ሒሳቡ ይዛባል።