«ፈተናው ይለፍና…» እና ሌሎች ስህተቶች

ግቢ ውስጥ ያልተጨነቀ ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ሁሉም ስለሚጨነቅ የራሳችንም «ያው የተለመደው» ይመስለናል። ከባለሙያ እርዳታ የሚያርቁን ስህተቶችም እነዚህ ናቸው።

«ፈተናው ይለፍና አያለሁ።» በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። የፈተና ጭንቀት ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ይለቃል። ሚድ አለፈ፣ ፋይናልም አለፈ፣ እናንተ ግን አሁንም ከአልጋ መነሳት ተራራ ሆኖባችኋል? እንግዲያው ጥፋቱ የፈተናው አይደለም። ባለሙያዎች ድብርትን ሲመረምሩ ጊዜውን ይጠይቃሉ። መከፋቱ ወይም የሚወዱት ነገር ማስጠላቱ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋር፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይቷል ወይ? ከቆየ የሚቀጥለውን ፈተና አትጠብቁ።

«ከእኔ የባሰ አለ።» አለ። ግን ጥርሱን ያመመው ሰው እንዲህ ብሎ ሲቀር አላየሁም።

«ሰው ምን ይለኛል?» የካውንስሊንግ (የሥነ ልቦና ምክር) ቢሮው በር ጋ ደርሶ፣ የሚያውቀው ሰው ብቅ ሲል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያልፍ ተማሪ ስንት ነው! ጥናቶች ግን የሚገርም ነገር አሳይተዋል። ተማሪዎች «እርዳታ የጠየቀን ሰው ትንቃላችሁ?» ሲባሉ አብዛኞቹ አንንቅም ይላሉ። «ሌላውስ ሰው?» ሲባሉ ግን ይንቃል ባዩ ይበዛል። አንዱ ሌላውን እየፈራ ሁሉም ዝም ይላል። ወሬው ይወጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ መጀመሪያ ቀን፣ ገና ምንም ሳትናገሩ፣ የምነግራችሁን ማን ይሰማዋል ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ዝም አይልም፤ ይህንንም አስቀድሞ መንገር ሥራው ነው።

አንዴ ሄዶ መተውም አለ። የመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ በጥያቄ ያልቃል። ቀለል ሳይላችሁ ብትወጡ አይግረማችሁ። ከባለሙያው ጋር ካልተግባባችሁ ሌላ እንዲቀየርላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የመጨረሻው የጓደኛ ስህተት ነው። ብዙ ተማሪ በሩን የሚያንኳኳው ጓደኛ ስለገፋፋው ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «አይዞህ፣ ያልፋል» ጥሩ ቃል ነው፤ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። «ካውንስሊንግ ሂድ»ም እንደዚሁ። «ነገ 4 ሰዓት ክላስ የለኝም፣ አብሬህ ሄጄ ውጭ እጠብቅሃለሁ» ማለት ግን ሌላ ነው። ጓደኛችሁ መኖር እንዳስጠላው ሲናገር ከሰማችሁ ወሬ አትቀይሩ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ወደ ባለሙያ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን።