የሁለት ሰዎችን የልደት ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሕይወታቸውን ተመሳሳይነት መፈለግ የሚቻለው እንዴት ነው?

አብርሃም ሊንከንና ቻርልስ ዳርዊን የተወለዱት በአንድ ቀን ነው። ቀኑ ፌብሩዋሪ 12፣ 1809 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንዱ ኬንታኪ ውስጥ በግንድ ጎጆ፣ ሌላው እንግሊዝ ሽሩስበሪ ከተማ በሀብታም ሐኪም ቤት ተወለዱ። ዳርዊን እናቱን ያጣው በ8 ዓመቱ ነው፤ ሊንከን በ9። ሁለቱም ባርነትን ይጠሉ ነበር። ሁለቱም ልጅ ቀብረዋል። ዳርዊን ስሙን የተከለበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ50 ዓመቱ ሲሆን፣ ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው በ51 ዓመቱ ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ክው ነው ያልኩት። የልደት ሰንጠረዥ፣ ማለትም አንድ ሰው ሲወለድ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የነበሩበትን ቦታ የሚያሳየውን የኮከብ ቆጠራ ሥዕል፣ ማነጻጸር የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ዓመታት ሲያልፉ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ተመሳሳይነት ማግኘት ቀላል መሆኑ ነው። ከባዱ ያገኙት ተመሳሳይነት ክብደት እንዳለው ማወቅ ነው። ከታች የማሳያችሁ አሠራር በሙሉ ለዚህ ሁለተኛው ሥራ የተዘጋጀ ነው። የፍቅር ወይም የትዳር ተኳኋኝነት መመዘኛ አይደለም፤ እሱ ሌላ ዘዴ አለው።

መጀመሪያ ሕይወታቸውን ጻፉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሰንጠረዡ ነው። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ሰንጠረዡን አንዴ ካያችሁ የሰውየውን ታሪክ የምታስታውሱት ሰንጠረዡ በነገራችሁ መልክ ነው።

አንድ ወረቀት ውሰዱና ለሁለት ክፈሉት። በግራ የአንዱን፣ በቀኝ የሌላውን ሕይወት ጻፉ። ለእያንዳንዳቸው ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ትላልቅ ክስተቶች ይበቃሉ። የወላጅ ሞት፣ ከቤት መውጣት፣ ትምህርት፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ መቀየር፣ ሕመም፣ ስደት፣ ትልቅ ስኬት። የምትጽፉት በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በዕድሜ ይሁን። "1842 አገባ" ሳይሆን "በ33 ዓመቱ አገባ" በሉ። በ20 ዓመት የሚራራቁ ሰዎችን ማነጻጸር የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ልዩነቱንም ጻፉ። የሊንከን የትምህርት ቤት ቆይታ ሁሉ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም፤ ዳርዊን ኤዲንብራና ካምብሪጅ ነው የተማረው። ሊንከን በ56 ዓመቱ በጥይት ተገደለ፤ ዳርዊን በ73 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ አረፈ። ይህን የመሰለው መስመር ከወረቀቱ ከጎደለ ሥራው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል ማለት ነው።

በሕይወት ያለ የምታውቁትን ሰው ከመረጣችሁ አስፈቅዱት። የልደት ሰዓትና የሕይወት ታሪክ የሰው የግል ጉዳይ ነው።

የልደት መረጃውን አጥሩ

የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ቀኑና ቦታው ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም። ሰዓቱ ግን ያስቸግራል።

ምድር በ24 ሰዓት አንዴ ስለምትዞር በምሥራቅ አድማስ ላይ የሚወጣው ነጥብ በግምት በየ4 ደቂቃው 1 ዲግሪ ይንቀሳቀሳል። ይህ ነጥብ ያረፈበት ኮከብ (ከ12ቱ የዞዲያክ ምልክቶች አንዱ) ወጪ ኮከብ ይባላል፤ እሱ ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል። አንድ ጓደኛዬ እናቱን የተወለደበትን ሰዓት ሲጠይቃት "ጀንበር ልትጠልቅ ስትል" አለችው። አክስቱ ደግሞ "ኧረ መብራት ከበራ በኋላ ነው" አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። በሰንጠረዡ ላይ ግን 15 ዲግሪ ነው፤ 12ቱም ቤቶች (ኮከብ ቆጣሪዎች ከልደት ሰዓትና ቦታ ተነሥተው ሰንጠረዡን የሚከፍሉባቸው ክፍሎች) ከቦታቸው ይነሳሉ። ስለዚህ ከሰው ትዝታ የተገኘን ሰዓትና በልደት የምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈን ሰዓት በእኩል ዓይን አትዩ። ከየት እንዳገኛችሁት ከሰዓቱ አጠገብ ጻፉ።

ሰዓቱ ጨርሶ ካልታወቀ ለእኩለ ቀን አስሉትና ወጪ ኮከቡንና ቤቶቹን ተዉአቸው። ጨረቃንም በጥንቃቄ ያዙ፤ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። የዳርዊን የልደት ሰዓት አይታወቅም። በዚያ ቀን ጨረቃ በጀዲ ኮከብ መጨረሻ አካባቢ ነበረች፤ ዳርዊን የተወለደው ቀኑ ሊያልቅ ሲል ከሆነ ግን ወደ ቀጣዩ ኮከብ ወደ ደለዊ ተሻግራ ሊሆን ይችላል። "የሁለቱም ጨረቃ ጀዲ ናት" ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ አይቻልም ማለት ነው።

ስለ አቆጣጠርም አንድ ነገር ልበል። ፕሮግራሞቹ የሚፈልጉት የጎርጎርዮስን ቀን ነው፤ ሰዓትም የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። "ጠዋት 2 ሰዓት" የተባለውን 8 ብላችሁ ካላስገባችሁ ፕሮግራሙ የሚወስደው ሌሊት ነው። እኔ ይህንን ስህተት ሠርቼ አንድ ሳምንት ሙሉ የማይመለከተውን ሰው ሰንጠረዥ ሳጠና ነበር። የድሮ ሰዎችን ስትወስዱም ተጠንቀቁ። እንግሊዝ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የገባችው በ1752 ነው፤ ሩሲያ ደግሞ በ1918። ከዚያ በፊት የተመዘገበ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳታጣሩ አትጠቀሙበት።

ሰንጠረዦቹን በአንድ ዓይነት ስሌት አውጡ

ዛሬ በእጅ ማስላት አያስፈልግም። እንደ አስትሮ ዶት ኮም ያሉ ድረ ገጾች በነጻ ያወጡላችኋል። ዋናው ነገር ለሁለቱም ሰዎች አንድ ዓይነት ምርጫ መጠቀም ነው። የምዕራባውያኑና የሕንዱ ስሌት ዛሬ በ24 ዲግሪ ገደማ ይለያያሉ። የቤት አከፋፈሉም ብዙ ዓይነት ነው። የትኛውንም ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ግን አትቀያይሩ። አንዱ አከፋፈል ሳይገጥም ሲቀር ወደ ሌላው መዝለል የሚያምር ውጤት ይሰጣል፤ ውጤቱ ግን የእናንተ ምርጫ እንጂ የሰዎቹ አይደለም።

ከዚያ ክቡን ሥዕል ተዉትና ወደ ቁጥር ቀይሩት። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቲዩን፣ ፕሉቶ፤ አሥር መስመር። በየመስመሩ የአንደኛውን ኮከብና ዲግሪ፣ ከጎኑ የሁለተኛውን ጻፉ።

የትውልድን ከግለሰብ ለዩ

ይህን ደረጃ ሰዎች ዘለው ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ፕላኔቶቹ ፍጥነታቸው አንድ አይደለም። ጨረቃ አንድ ኮከብ ውስጥ የምትቆየው 2 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይ አንድ ወር፣ ጁፒተር አንድ ዓመት፣ ሳተርን 2 ዓመት ተኩል ያህል ይቆያሉ። ዩራነስ ዙሩን የሚጨርሰው በ84 ዓመት፣ ኔፕቲዩን በ165፣ ፕሉቶ በ248 ነው። ስለዚህ የሁለት እኩዮች ፕሉቶ አንድ ኮከብ ውስጥ መገኘቱ ምንም አይነግራችሁም። የክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ እንደዚያው ናቸው።

ቻርሊ ቻፕሊንና አዶልፍ ሂትለር የተወለዱት በ4 ቀን ልዩነት ነው፤ ኤፕሪል 16 እና 20፣ 1889። የሁለቱም ቬነስና ማርስ በሰውር ናቸው፣ የሁለቱም ሳተርን በአሰድ ነው። ይህንን አይተው የሚደነቁ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ይህንኑ ይዞ ነው የተወለደው፤ ገበሬውም፣ ነርሷም፣ በጨቅላነቱ የሞተውም። የሊንከንና የዳርዊን ሳተርንና ኔፕቲዩን ቀውስ ውስጥ ተጠጋግተው መገኘታቸውም እንደዚሁ ነው። ለሁለቱ ብቻ የተሰጠ ምልክት አይደለም።

ስለዚህ እኩዮችን ስታነጻጽሩ ከዩራነስ ጀምሮ ያሉትን ሦስቱን ሰርዙ። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሚለያይ ከሆነ ሳተርንንና ጁፒተርንም ጨምሩበት። የቀረው ነው የግለሰቡ።

ደንባችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ

ኮከብ ቆጣሪዎች በፕላኔቶች መካከል የሚቆጥሯቸው ዋና ዋና ርቀቶች አምስት ናቸው፦ 0፣ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ዲግሪ። የአንዱን ሰው 10 ፕላኔት ከሌላው 10 ጋር ስታገጣጥሙ 100 ጥንድ ይወጣል። የ3 ዲግሪ ልዩነት ከፈቀዳችሁ በማናቸውም ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መካከል በአማካይ 13 ያህል ግጥሚያ ይገኛል። እስክሪብቶ ይዛችሁ አስሉት፤ ከክቡ 360 ዲግሪ ውስጥ 48ቱ "ገጠመ" ይባላሉ ማለት ነው። በመንገድ የሚያልፍን ሰው ብትይዙ እንኳ 13 አስደናቂ ነገር ታገኛላችሁ።

ስለዚህ አጥብቡት። እኔ የምጠቀምበት ደንብ ይህ ነው፦ ፀሐይን ከፀሐይ፣ ጨረቃን ከጨረቃ፣ እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ብቻ አነጻጽራለሁ። አንድ ኮከብ ውስጥ ከሆኑ አንድ ነጥብ፣ በ3 ዲግሪ ውስጥ ከሆኑ ሁለት ነጥብ። አሥሩም ቢቆጠሩ እንኳ በሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መካከል በአንድ ኮከብ የሚገናኙት በአማካይ ከአንድ አይበልጡም። ሦስትና አራት ከሆኑ ሰንጠረዦቹ በእርግጥ ይቀራረባሉ። ደንቡን ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉትና ከዚያ በኋላ አትንኩት።

በዕድሜ ፈልጉ

አሁን የሕይወት ወረቀታችሁን አውጡ። ሳተርን ወደ ተነሳበት ቦታ የሚመለሰው በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች ይህን ዕድሜ ሰው ለራሱ ኃላፊነት የሚወስድበት ይሉታል። ጁፒተር በየ12 ዓመቱ ይመለሳል። በ12፣ 24፣ 29፣ 36፣ 48 እና 59 ዓመት ዙሪያ የሁለቱን ሰዎች ክስተቶች ክበቡ።

ዳርዊን በ29 ዓመቱ የምጣኔ ሀብት ምሁሩን የማልተስን የሕዝብ ብዛት ጽሑፍ አነበበ፤ የዝግመተ ለውጥ ሐሳቡ ቁልፍ የተገኘው ያኔ ነው። በዚሁ ዕድሜው አገባ። ሊንከን በዚያው ዕድሜ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባልና ጠበቃ ነበር፤ ያገባው በ33 ነው። ለአንዱ ሕይወቱ የተቀየረበት ዓመት፣ ለሌላው የተለመደ ዓመት። አልገጠመም። "አልገጠመም" ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛ ሰው አስገቡ

አሁን ሰንጠረዡ ከሁለቱም ጋር የማይቀራረብ፣ ዘመኑ ግን የሚቀራረብ ሰው ፈልጉ። እኔ ለሊንከንና ለዳርዊን ካርል ማርክስን መረጥኩ። ሜይ 5፣ 1818 የተወለደ፣ ፀሐዩ ሰውር ላይ ያለች፣ ሳተርኑም ሌላ ቦታ ያለ።

ሊንከን በ1850 ልጁን ኤዲን ቀበረ። ዳርዊን በ1851 የ10 ዓመት ልጁን አኒን። ይህ መገጣጠም ልብ ይነካል። ማርክስስ? በ1850 አንድ፣ በ1852 አንድ፣ በ1855 ደግሞ የ8 ዓመት ልጁን ኤድጋርን ቀበረ። በዚያ ዘመን ልጅ መቅበር የብዙ ቤት ሐዘን ነበር። ትልቁን መጽሐፉንም ያሳተመው በ1867፣ በ49 ዓመቱ ነው። "ሐምሳ ዓመት አካባቢ ትልቅ ሥራ" የሚለው መስመርም ከእጄ ወጣ። ባርነትንም ማርክስ ይቃወም ነበር። የቀረው የእናት ሞት ነው፤ የማርክስ እናት እስከ 1863 ኖራለች።

ይህን ሳደርግ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ግን የቀረችውን አንዷን መስመር ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይልቅ አምናታለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት በአንድ ቅጽበት ስለተወለዱ የባለጸጋ ልጅና የባሪያ ልጅ ጽፏል፤ አንዱ በክብር አደገ፣ ሌላው በባርነት ቀረ። በ1985 ደግሞ ሾን ካርልሰን በኔቸር መጽሔት ያሳተመው ሙከራ አለ። ኮከብ ቆጣሪዎች ሰንጠረዥ ተሰጥቷቸው ከሦስት የባሕርይ መግለጫዎች የባለቤቱን እንዲለዩ ተጠየቁ፤ ትክክል የሆኑት እንዲያው በግምት ቢመርጡ የሚያገኙትን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያገኛችሁትን ተመሳሳይነት "ኮከቡ አደረገው" ብላችሁ አትጻፉ። "ሰንጠረዡም ሕይወቱም እዚህ ጋ ይገናኛሉ" በሉ።

ሌላ ሰው ይፍረድ

የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ስም ሳትጠቅሱ፣ ከሦስተኛው ጋር ቀላቅላችሁ ሰንጠረዡን ላላየ ወዳጅ ስጡ። "ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ ሁለቱ ይመሳሰላሉ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቃላችሁ ጠባብና ተጨባጭ ይሁን። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት የባሕርይ መግለጫ ለእያንዳንዳቸው እንደተጻፈ አድርጎ ሰጣቸው። ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። "ብርቱ ነው፣ ግን ውስጡ ይጨነቃል" የሚል መስመር ለማንም ይሆናል። "በ8 ዓመቱ እናቱ ሞተች" የሚለው ግን ለሁሉም አይሆንም።

ወዳጃችሁ ሌላ ጥንድ ከመረጠ ውጤቱን እንዳለ መዝግቡት፤ ወረቀቱንም አትጣሉት። እኔ እንደዚህ ያሉትን በአንድ ደብተር አስቀምጣለሁ፤ ከገጠሙት ይልቅ ደጋግሜ የማነበው እነሱን ነው።

በሕይወት ላለ ሰው ውጤቱን ስትነግሩ ደግሞ ያለፈውን ብቻ ንገሩት። "አንተን የሚመስለው ሰው በ56 ዓመቱ ሞቷል" የሚል ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። ሕመምና ሞት ያለባቸውን መስመሮች ከምትሰጡት ወረቀት ላይ አስቀድማችሁ አውጡ።