ጊታር ሲነዝር፦ ፊውዙን ትታችሁ ሦስተኛዋን ሽቦ ፈልጉ

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ አኮስቲክ ጊታሩን ይዞ ወደ ጥገና ሱቄ መጣ። ፒካፕና ፕሪአምፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይርና የሚያጎላ) ያለው ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ፊውዝ ግጠምልኝ» አለኝ። የት ላይ ስለው፣ «እዚሁ ጊታሩ ውስጥ። ስዘፍን ማይኩ ከንፈሬን ይነዝረኛል» አለ።

ይህን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ መጀመሪያ እሱን ልመልስ። ጊታር ውስጥ ፊውዝ የለም። ቢገጠምም አይጠቅምም። እዚያ ውስጥ ያለው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው፤ በጣት ብትነኩትም አይሰማችሁም። የሚነዝረው የግድግዳው 220 ቮልት ነው። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከሶኬቱ ወደ አምፕሊፋየሩ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በኬብሉ ውስጥ ባለው የሽቦ መረብ ወደ ጃኩ ብረት፣ ብዙ ጊታር ላይ ደግሞ ከጃኩ ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ እጃችሁ።

አምፕሊፋየሩ ጀርባ ያለው ፊውዝስ አያድነንም ወይ? አያድንም። ቁጥሩን እዩት። እዚያ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 አምፔር ነው። 1 አምፔር ማለት 1000 ሚሊአምፔር ነው። ሰው 1 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲያልፍበት ይሰማዋል። 10 አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ይጨመደድና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል። ከ30 በላይ ከሆነና ትንሽ ከቆየ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ሰው ሞቶ ፊውዙ ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ፊውዝ የተሠራው ዕቃውንና ቤቱን ከእሳት ለማዳን ነው። እናንተን የምታድነው ግራውንዷ፣ ሦስተኛዋ ሽቦ ናት። እሷ ካለች ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ቆርቆሮውን ሲነካ ብዙ ኮረንቲ በአንዴ ወደ መሬት ይፈስና ፊውዙ ወይም ብሬከሩ ይቆርጣል። እሷ ከሌለች ቆርቆሮው 220 ቮልት ተሸክሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እናንተ እስክትነኩት ድረስ።

ምልክት፦ ጊታር ይዛችሁ ማይክ ስትጠጉ ከንፈር ይነዝራል

አብዛኛው ወደ እኔ የሚመጣው ችግር ይኸው ነው። ጊታሩ ባንድ አምፕሊፋየር ላይ ነው፣ ማይኩ በሌላ ሚክሰር ላይ። አንዱ ግራውንድ አለው፣ አንዱ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ የሚያልፍበት መንገድ ሲፈልግ ከእጅ ገብቶ በደረት አልፎ በከንፈር ይወጣል። ከዚህ የከፋ መንገድ የለም፤ ልብ መሃል ላይ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ የ«ስቶን ዘ ክሮውስ» ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ መድረክ ላይ ግራውንድ ያልነበረው ማይክ ነክቶ ሞቷል። «ትንሽ ነው የሚነዝረው፣ ለምደነዋል» የሚሉኝ ልጆች ስላሉ ነው ይህን የማነሳው። አትልመዱት። ዛሬ ጫማችሁ ደረቅ ስለሆነ ነው ትንሽ የሆነው።

መነሻው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ዲቫይደሩ ነው። ማንኛውንም ስፒና የሚቀበል፣ ብዙ ቅርፅ ያለው ቀዳዳ የተበሳበት ርካሽ ዲቫይደር ታውቃላችሁ። ሦስተኛ ቀዳዳ ስላለው ሰው ግራውንድ አለው ብሎ ያምናል። አሁን የአምፕሊፋየራችሁን ክብ ስፒና እዩት። ግራውንዱ በጎንና በጎኑ ያለው ብረት ነው፣ ሦስተኛ እግር የለውም። የግድግዳው ክብ ሶኬት ውስጥ ያሉት የብረት ምላሶች ናቸው ያንን ጎን የሚነኩት። ያ ዲቫይደር ምላስ የለውም። ስፒናው ጥሩ አድርጎ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁም ይወጣል፣ ግራውንዱ ግን ምንም አልነካም። ይህ እንግዲህ ውስጡ በትክክል የተሠራ ዲቫይደር ላይ ነው። ስንቱን ፈትቼ ያየሁት ከውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ብረት ተደርጎበት ከምንም ጋር አልተያያዘም። ይህን ሠርቶ የሚሸጥ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ያናድደኛል።

ግንቦት ላይ አንድ የሰርግ ድንኳን ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ረጥቧል። ዘፋኙ ጊታሩን እንደያዘ ማይኩን ሲጠጋ ወደ ኋላ ዘለለ። ሰዎቹ ማይኩ ተበላሽቷል ብለው ሌላ ሰጡት፤ ያም ነዘረው። ማይክ ላይ ስፖንጅ አልብሰው ሊቀጥሉ ሲሉ ደረስኩ። ስለካው በጊታሩ ጃክና በማይኩ ወንፊት መካከል 180 ቮልት አለ። ሞንታርቦውና ሚክሰሩ ከቤቱ በጥሩ ገመድ ነው የመጡት። ጊታሩ ግን ከጎረቤት በመስኮት በተወረወረ ባለ ሁለት ሽቦ ኤክስቴንሽን ነው የሚሠራው። ሁሉንም ነቅዬ ከአንድ ግራውንድ ካለው ሶኬት አወጣሁት። እንደገና ስለካው ከ1 ቮልት በታች ሆነ። ስፖንጁ መነዘሩ እንዳይሰማ ያደርግ ይሆናል እንጂ ልጁ እጁን የማይኩ ማቆሚያ ላይ ቢያሳርፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

እንዴት ይለካል? መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ፣ ትልቁ ስኬል ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የጊታሩ ጃክ ብረት ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አሳርፉ። በባዶ እጃችሁ ምንም ብረት አትንኩ። ከ1 ወይም 2 ቮልት በላይ ካሳየ አትጫወቱ። ብዙ ጊዜ 110 አካባቢ ታያላችሁ፤ የ220 ግማሽ ማለት ነው። እሱ ግራውንድ ያጣ ዕቃ ውስጥ ካለው የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) የሚሾልክ ነው፣ ኮረንቲውም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሜትሩ ቮልቴጁን እንጂ ከኋላው ምን ያህል ኮረንቲ እንዳለ አይነግራችሁም። ስለዚህ 110ም ሆነ 220 ቢያሳይ እኩል ፍሩ።

መፍትሄው፦ ጊታሩ፣ ሚክሰሩ፣ ሞንታርቦው፣ ሁሉም ከአንድ ግራውንድ ካለው ሶኬት ይውጣ። ዲቫይደር ስትገዙ ውስጡ ክብና ጎኑ ላይ ምላስ ያለው ይሁን፣ ገመዱም ባለ ሦስት ሽቦ። ቤቱ ጭራሽ ግራውንድ ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ዘንግ ቀብሮ ያስገባ። ደግሞም 30 ሚሊአምፔር የሆነ አርሲዲ አስገጥሙ። ተራው ብሬከር 16 አምፔር አልፎ ነው የሚያስበው፤ አርሲዲ ግን ኮረንቲ በእናንተ በኩል መሽሎክ ሲጀምር ይቆርጣል፣ ግራውንድ በሌለው ቤት እንኳን። መሞከሪያ ቁልፉን አንዳንዴ ተጫኑት።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንድ አስገባ ሲባል ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንዱ ምላስ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። በሜትር ስትለኩት ሁሉ ነገር ልክ ነው። ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ ቢላላ ወይም ከቆጣሪው በኩል ፌዝና ኒውትራል ቢቀያየሩ የጊታራችሁ ክር ሙሉ 220 ይሆናል፤ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ምልክት እንኳን የለም። ይህን አንድ የመለማመጃ ክፍል ውስጥ አራት ሶኬት ላይ አግኝቼዋለሁ። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ፣ መጥፋቱንም በቴስተር አረጋግጣችሁ፣ ሶኬቱን ፈትታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሌላ መንገድ የለውም።

ጉምጉምታን ለማጥፋት ብላችሁ ደግሞ ግራውንዱን በፕላስተር አትሸፍኑ፣ አትቁረጡ። ድምፁ ይጠራል፣ እውነት ነው። ግን ሕይወት ነው የቆረጣችሁት። ለዚያ የተሠራ ዲአይ ቦክስ አለ፣ በጊታሩና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ግራውንድ ማንሻ ቁልፉ የሚያቋርጠው የድምፅ ኬብሉን መረብ ብቻ ነው። አቅም ያለው ደግሞ ዋየርለስ ይግዛ፤ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ብረት አይኖርም።

ምልክት፦ ፊውዙ ደጋግሞ ይቃጠላል

መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ አንብቡ። «120 ቮልት 60 ኸርዝ» ካለ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ 220 ላይ በቀጥታ አይሰካም። ወንድም ወይም እህት ከቨርጂኒያ በሻንጣ የላከችው ዕቃ ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ሳያነብ ይሰካዋል። ፊውዙ ሲቃጠል እንኳን ሥራውን ሠርቷል፣ ትራንስፎርመሩን አድኗል። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጥገና ከመጡት ውስጥ ፊውዙ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለበት አለ። የመኪና ፊውዝ የተገባበት አለ፤ የመኪና ፊውዝ ለ12 እና 24 ቮልት ነው የተሠራው፣ 220 ላይ ሲቃጠል ውስጡ ብልጭታው ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል። ወረቀት ከተጠቀለለበት አንዱ ትራንስፎርመሩ ቀልጦ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከሱቄ አልወጣም። ያን ዕቃ ማዳን አልተቻለም።

ለእንዲህ ያለው ዕቃ ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። አምፕሊፋየሩ ከሚበላው ዋት እጥፍ ይሁን። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የ60 ዕቃ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል። እዚህም ግራውንዱን ፈትሹ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ማውረጃዎች ባለ ሁለት ቀዳዳ ስለሆኑ ግራውንዱን እዚያው ያስቀሩታል።

ፊውዝ ስትቀይሩ ጫፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የአምፔሩ ቁጥር ብቻ አይበቃም። «ቲ» የሚል ፊደል ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ነው፣ «ኤፍ» ፈጣን። ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ «ቲ» ባለበት «ኤፍ» ካስገባችሁ ያለ ምንም ጥፋት ይቃጠላል። ከፍ ያለ አምፔር በጭራሽ አታስገቡ። ትክክለኛው ፊውዝ ገብቶ ወዲያው ከተቃጠለ ሁለተኛ አትሞክሩ፣ ውስጡ ያለ ችግር ነው።

ፊውዝ ተቃጥሎ ዕቃው ስለጠፋ ደግሞ ኮረንቲ የለውም አትበሉ። ክብ ስፒና ተገልብጦም ይገባል፤ ያኔ ፊውዙ ኒውትራሉ ላይ ይውላል፣ ፌዙ ውስጥ እንደገባ ይቀራል። ከሶኬቱ ንቀሉ። ባለ ቱቦ (ውስጡ የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት) አምፕሊፋየር ከሆነ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ የማታውቁት ከሆነ አትክፈቱት።

ሌሎቹ በአጭሩ

ይጮሃል፣ ክሩን ስትነኩ ዝም ይላል፦ ማግኔቲክ ፒካፕ ላይ የተለመደ ነው። ስትነኩ ካልቀነሰ ወይም ከባሰ ግን ከጃኩ ወደ ክሩ የምትሄደው ሽቦ ተበጥሳ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ እንደገና ትበየድ።

ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይደክማል፦ ባትሪ ነው። ኬብሉ እንደተሰካ ሲያድር ፕሪአምፑ አይጠፋም፤ ጃኩ ራሱ ነው ማብሪያው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ይቃጠላል፦ ሲሄድ ንቀሉ፣ መጥቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ስኩ።

ጄኔሬተር ላይ ብቻ ይነዝራል፦ ጄኔሬተሩ ከመሬት ጋር አልተያያዘም፣ ባለሙያ ያያይዘው። አርሲዲውም እዚያ ላይሠራ ስለሚችል አትመኩበት።

ፒካፕ የተገጠመለት ክራር፦ ብረት ክር ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከታችኋል። ማሲንቆ ላይ ጭራው አያስተላልፍም፣ የጃኩ ብረት ግን ያስተላልፋል።

ፊውዝ ግጠምልኝ ያለኝ ልጅ ቤቱ ሄጄ አየሁለት። ዲቫይደሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበረው። ጊታሩን አልነካሁትም።