የቡድሂስቶችን በዓላት በተመለከተ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤሩት ወይም ዱባይ ከስሪላንካዊት ጋር አንድ ቤት ለሠራች፣ ለሕክምና ባንኮክ ለተመላለሰ ወይም ሴኡል ለሚማር ኢትዮጵያዊ የቡድሂስቶች በዓል እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ ስለ በዓላቱ ስናወራ ቡድሂዝም አንድ ሲኖዶስና አንድ ባሕረ ሐሳብ ያለው እናስመስለዋለን። የለውም። የበዓሉን ቀንና ሥርዓት የሚወስነው አገሩና የሚከተለው ትውፊት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

የቡድሃ ልደት አንድ ቀን ነው ማለት

እ.ኤ.አ. 2023ን ብቻ እንይ። ጃፓን ኤፕሪል 8፣ ስሪላንካ ሜይ 5፣ ደቡብ ኮሪያ ሜይ 27፣ ታይላንድ ደግሞ ጁን 3 አከበሩ። ማናቸውም አልተሳሳቱም። ጃፓን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ከተቀበለች ወዲህ ኤፕሪል 8 ላይ ጸንታ ቀርታለች። ኮሪያና ቻይና በጨረቃ አቆጣጠር የአራተኛውን ወር ስምንተኛ ቀን ይይዛሉ። ስሪላንካና ታይላንድ ሙሉ ጨረቃ ይጠብቃሉ፤ ታይላንድ ግን በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ስለምትጨምር በዚያ ዓመት በዓሉ ወደ ኋላ ይገፋባታል። (የእኛ አሥራ ሦስተኛ ወር በአምስት ወይም በስድስት ቀን ይገላግለናል፤ የእነሱ ጭማሪ ሙሉ ሠላሳ ቀን ነው።)

ስለዚህ ስልክ ላይ ያገኙትን የመጀመሪያ ቀን ይዘው ቲኬት አይቁረጡ። የሚሄዱበትን አገር የዘንድሮ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ይመልከቱ። የታይላንድ ካላንደር ላይ 2568 የሚል ዓመት ካዩም አይደንግጡ፤ የፈረንጆቹ 2025 ነው። ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ።

ቬሳክን ልደት ብቻ አድርጎ መቁጠር

በስሪላንካ፣ በታይላንድ፣ በምያንማር፣ በካምቦዲያና በላኦስ ቬሳክ በምትባለው በዚያች ሙሉ ጨረቃ ቡድሃ ተወልዷል፣ ብርሃን ተገልጦለታል፣ አርፏልም። ሦስቱም በአንድ ቀን ይታሰባሉ። ጃፓን ግን ለያይታቸዋለች፦ ልደቱን ኤፕሪል 8፣ መገለጡን ዲሴምበር 8፣ ዕረፍቱን በብዙ ቦታ ፌብሩዋሪ 15። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1999 ዕውቅና የሰጠው ለሜይ ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ዓለም ሁሉ በአንድ ቀን ያከብራል የሚለውን ግምት ያጠናከረው ይህ ይመስለኛል።

ሥርዓቱም ይለያያል። በጃፓን ቤተ መቅደሶች በልደቱ ቀን በአበባ የተሸፈነች ትንሽ ጎጆ ትቆማለች። ውስጧ አንድ እጁን ወደ ሰማይ፣ ሌላውን ወደ ምድር የዘረጋ የሕፃን ሐውልት አለ፤ የመጣው ሁሉ በጭልፋ ጣፋጭ ሻይ እየቀዳ አናቱ ላይ ያፈስለታል። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ ሲመሽ ሻማ፣ ዕጣንና የሎተስ አበባ ይዞ ዋናውን ቤተ ጸሎት ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሚዞሩት ሕንፃውን በቀኝ እጅ በኩል አድርገው ነውና በግራ ጀምረው ሰው መሀል እንዳይጋጩ።

በዓል ነውና መጠጥ አይጠፋም ብሎ መገመት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በስሪላንካ እያንዳንዱ ሙሉ ጨረቃ በዓል ነው፤ ሥራ ይዘጋል፣ መጠጥ አይሸጥም። በቬሳክ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ። ብዙ ምእመን ነጭ ለብሶ ቤተ መቅደስ ይውላል፤ ከቀትር በኋላም እህል አይቀምስም። ነጠላ ለለመደ ዓይን ያ ሁሉ ነጭ ልብስ እንግዳ አይሆንም።

ማታ ሲሆን ግን ኮሎምቦ ሌላ ከተማ ትሆናለች። በየደጁ የወረቀት ፋኖስ ይሰቀላል፤ አደባባይ ላይ ቶራና የሚባሉ ረጃጅም ማማዎች በባለቀለም አምፖል እየበሩ የቡድሃን የቀደሙ ሕይወቶች ታሪክ ያሳያሉ። መንገድ ዳር ደግሞ ዳንሳል አለ፦ የሰፈር ልጆች፣ ነጋዴዎችና መሥሪያ ቤቶች አዋጥተው ሩዝ በወጥ፣ ሻይ፣ አይስክሬም ሳይቀር ለአላፊ አግዳሚው በነፃ ያድላሉ። መኪና ሳይቀር አስቁመው ይጋብዛሉ። ስህተቱ ቦርሳ አውጥቶ ስንት ነው ማለት ነው። ይሰለፉ፣ ይቀበሉ፣ ያመስግኑ፤ ሰጪው የሚፈልገው ጽድቁን ነው።

ሶንግክራንን ከቡድሃ በዓላት መመደብ

ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ታይላንድ ውስጥ ውኃ የሚረጫጩበት በዓል አዲስ ዓመት ነው። የቡድሃን ሐውልት ማጠብና በሽማግሌዎች እጅ ላይ ውኃ ማፍሰስ አለበት፤ በዓሉ ግን ከቡድሃ ሕይወት ታሪክ ጋር የተያያዘ አይደለም። መነኩሴ ላይ ውኃ መርጨት ደግሞ ነውር ነው። የቲቤቶቹ ሎሳርም እንዲሁ አዲስ ዓመት ነው።

የጃፓኑ ኦቦን ቡድሂስታዊ ነው፤ የቀደሙ ዘመዶች ነፍስ ወደ ቤት የሚመጣበት ነው ይባላል። የለቅሶ ቀን መስሎት አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሰው ግን ከበሮና ጭፈራ ይጠብቀዋል። ቀኑም ቶኪዮ ውስጥ በብዛት ጁላይ አጋማሽ፣ አብዛኛው አገር ግን ኦገስት አጋማሽ ነው።

የዝናቡን ወራት እንደ ዐቢይ ጾም ማየት

እንደ ታይላንድና ስሪላንካ ባሉ አገሮች በጁላይ ገደማ ጀምሮ ሦስት ወር መነኮሳት ከገዳማቸው አይርቁም። ጥንት በዝናብ ወራት ሲዘዋወሩ ቡቃያና ትናንሽ ነፍሳት እየረገጡ ተወቅሰው ነው ይባላል። ከቀትር በኋላ አለመብላቱ ዓመቱን ሙሉ ያለ ደንባቸው እንጂ ለነዚህ ወራት የወጣ አይደለም። ከምእመናን መጠጥ የሚተው አሉ፤ ግዴታ ግን የለም። ወራቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ለመነኮሳት ልብስ የሚያቀርብበት የካቲና በዓል ይከተላል፤ ስጦታ መስጠት ካሰቡ ጊዜው ያኔ ነው።

የአንዱን አገር ሥነ ሥርዓት ሌላው አገር መውሰድ

ታይላንድ ውስጥ አንዲት ሴት ወንድ መነኩሴን አትነካም፤ ስጦታዋን እንኳ እሱ የሚዘረጋው ጨርቅ ላይ ታስቀምጣለች። ይህን ተምራ ጃፓን የሄደች ሴት ካህኑ ሚስቱንና ልጆቹን ሲያስተዋውቃት ግራ ይገባታል። እዚያ መንግሥት በ1872 ጋብቻ ፈቅዶላቸዋል።

በቴራቫዳ አገሮች (እንደ ስሪላንካ፣ ታይላንድና ምያንማር ያሉት የሚከተሉት የቡድሂዝም ትውፊት ነው) ጫማ ማውለቅ፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን፣ ሲቀመጡም እግርን ወደ ሐውልቱ አለመዘርጋት ግድ ነው። ስሪላንካ ከሁሉም ትከብዳለች፦ ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት ያስቆጣል፣ በ2014 ደግሞ አንዲት እንግሊዛዊት ጎብኚ ክንዷ ላይ ባለ የቡድሃ ንቅሳት ምክንያት ከአገር ተባርራለች።

የተሳሳተ ሥዕል መላክ

ሆዱ የተዘረጋው፣ የሚስቀው ሰውዬ ቡድሃ አይደለም። ቡዳይ የተባለ ቻይናዊ መነኩሴ ነው፤ ሕዝቡ ወደፊት የሚመጣው ቡድሃ በእሱ ተገልጧል ብሎ ያምናል። ለቻይናዊ ወዳጅ በአዲስ ዓመት ቢልኩት ደስ ይለዋል። ለስሪላንካዊት የሥራ ባልደረባዎ በቬሳክ መልካም ምኞት መላክ ከፈለጉ ግን የፋኖስ ወይም የሎተስ ሥዕል ይምረጡ፤ ከመላክዎ በፊትም በዓሉ ዘንድሮ መቼ እንደሚውል እሷኑ ይጠይቋት።