ጎመን ቀይ ሲያበራ ማየትና የትኛው ቅጠል ሙቀት እንደሚችል ቤት ውስጥ መለካት

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ ሳይንስ የምትወዱ ልጆች፣ ሀይስኩልም ሁኑ ካምፓስ፣ ላብ የለንም ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አንድ ስንዴ ወይ ማሽላ ሙቀት ይችላል አይችልም ብለው ተመራማሪዎች ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱን በአይናችሁ ማየት፣ ሌላውን ደግሞ ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ። የእውነት መስራት ማለቴ ነው፣ ቁጥር የሚወጣበት።

መጀመሪያ ብርሃኑን እንይ። የሚያስፈልጋችሁ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ የሐበሻ ጎመን ቅጠል፣ ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል (97 ፐርሰንቱ ከ70ው በጣም ይሻላል፣ ውሃ ሲበዛበት ክሎሮፊሉ፣ ማለትም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር፣ በደንብ አይወጣም)፣ የቡና ፊልተር ወረቀት፣ ሙቀጫ፣ እና ያቺ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ሐምራዊ ባትሪ። ባትሪዋ ሜርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ ትገኛለች፣ 395 ናኖሜትር የሚል ተጽፎባት ካያችሁ ትሰራለች፣ 365ም ይሆናል። ወደ አይን ማብራት ግን የለም፣ የራሳችሁም የታናናሾቻችሁም አይን ላይ።

የጎመኑን ወፍራም አጥንት አውጡና ቅጠሉን ብቻ ቆራርጣችሁ በትንሽ አልኮል ውቀጡት፣ ጭማቂው በጣም ጠቆር ያለ አረንጓዴ እስኪሆን። ከዛ በፊልተር ወረቀት አጥልላችሁ ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት። እዚህ ጋ አደራ፣ ከሰልም ጋዝም ምድጃም አጠገብ አትስሩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የፋርማሲ አልኮል ደግሞ ሜታኖል ሊኖርበት ስለሚችል ማንም እንዳይቀምሰው፣ ሙቀጫውንም ለቅመም የምትጠቀሙበትን አታድርጉት።

አሁን ክፍሉን አጨልሙና ባትሪዋን ከጎን አብሩበት። ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ያበራል። ጎመን! ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያይ አያምንም፣ እኔ አሁንም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ይሄን ነገር ዴቪድ ብሩስተር የሚባል የስኮትላንድ ሳይንቲስት በ1830ዎቹ (በፈረንጆቹ) ነው አይቶ የጻፈው። ካልታየላችሁ ፈሳሹ በዝቶ ጠቁሮ ይሆናል፣ አልኮል ጨምሩበትና ቅጥን አድርጉት። ጎን ለጎን እርድ በአልኮል በጥብጣችሁ ብታበሩበት ደግሞ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ እሱ ኩርኩሚን የሚባለው ውህድ ነው።

ለምን ቀይ? ቅጠል ላይ ያረፈ ብርሃን ሦስት መውጫ አለው፣ ወይ ምግብ መስሪያ ይሆናል፣ ወይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ቀይ ብርሃን ሆኖ ይመለሳል። ጤነኛ ቅጠል ውስጥ ቀይ ሆኖ የሚመለሰው ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ቢሆን ነው፣ ለዛ ነው ያልተወቀጠው ቅጠል ላይ ስታበሩ ብዙም የማይታያችሁ። አልኮል ውስጥ ግን ክሎሮፊሉ ምግብ መስሪያ ማሽኑን ስላጣ ከያዘው ጉልበት በቀይ የሚመልሰው ጤነኛ ቅጠል ውስጥ ካለው በጣም ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ የሚጠቀሙበት ይሄንኑ ነው። ቅጠሉን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ያቆዩትና መጀመሪያ በደካማ ብርሃን ቀዩን ይለካሉ፣ ከዛ በኃይለኛ ብልጭታ ከፍተኛውን ይለካሉ፣ የሁለቱን ልዩነት ለከፍተኛው ሲያካፍሉ ጤነኛ ቅጠል 0.83 አካባቢ ይሰጣል። ሙቀት ሲመታው ብርሃን ተቀብሎ ውሃ የሚሰነጥቀው ክፍል ቀድሞ ስለሚጎዳ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቅጠሉ ለአይን ገና አረንጓዴ እያለ ማለት ነው። ስንዴ ላይ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ በ2015 (በፈረንጆቹ) የወጣ አለም አቀፍ ጥናት ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የአለም የስንዴ ምርት በ6 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል ብሎ ገምቷል፣ እኛ ደግሞ አፋር ላይ ወረር ድረስ በመስኖ ስንዴ እየዘራን ነው።

ቀዩን ብርሃን የሚለካው መሳሪያ ግን ውድ ነው። በርካሽ የሚሰራው ሌላኛው መንገድ የሴል ሽፋን ፈተና ነው፣ እሱም በምርምር ለስንዴና ለማሽላ ለብዙ አመታት ሲሰራበት የኖረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ሙቀት የሴሉን ስስ ሽፋን ሲጎዳው ውስጡ ያለው ጨው ወደ ውሃው ይፈሳል፣ ውሃው ውስጥ የገባውን ጨው ደግሞ ቲዲኤስ ሜትር ይቆጥርላችኋል፣ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ጠይቁ።

እህል በረንዳ ሄዳችሁ የተለያየ ቦታ የመጣ ማሽላ ወይ ስንዴ ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ ሻጮቹን ከየት እንደመጣ ጠይቁና ጻፉት። በነገራችን ላይ ማሽላን ዝም ብላችሁ እንዳታዩት፣ ዝናብ ሲቋረጥ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀው፣ አለም ላይ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ቢ35 የሚባለው ዘር መነሻው የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ አይነት አፈር፣ እኩል ውሃ እያጠጣችሁ ሁለት ሳምንት አካባቢ አሳድጉ። ከዛ ከእያንዳንዱ እኩል እድሜ ያለው ቅጠል 1 ሴንቲሜትር እየሆነ ይቆረጥ፣ 20 ቁራጭ ለአንድ ብልቃጥ። ቁራጩን በዲስትልድ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፣ የተቆረጠው ጠርዝ ራሱ ጨው ስለሚያፈስ ካላጠባችሁት ቁጥሩ ይበላሻል። ዲስትልድ ውሃ የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረው ነው፣ ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ሁለቴ አረጋግጡ።

ሁሉም ብልቃጥ ውስጥ እኩል 20 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ጨምሩና ክደኑት። ግማሾቹ በክፍል ሙቀት ይቀመጡ። ግማሾቹን ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ውስጥ 49 ዲግሪ ውሃ አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት ክተቷቸው፣ ፔርሙዝ ሙቀት ስለሚይዝ ይሄን ስራ አሪፍ አድርጎ ይሰራል፣ ግን በየ15 ደቂቃው እያያችሁ ሲወርድ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምሩበት። የትኩሳት ቴርሞሜትር አይሆንም፣ 42 አካባቢ ያበቃል፣ የኩሽናውን ተጠቀሙ። ከዛ ሁሉም አንድ ቦታ ይደር።

ጠዋት የእያንዳንዱን ቁጥር አንብቡ። ቀጥሎ ሁሉንም ብልቃጥ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አስቀምጡት፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሴሎቹን ሙሉ በሙሉ ለመግደል ግን ይበቃል። ሲቀዘቅዝ፣ ከበፊቱ ጋር እኩል የክፍል ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ እንደገና አንብቡ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉ። ሙቀት ካላየው ብልቃጥ ጋር አስተያዩት፣ ሙቀት ባየው በኩል ቁጥሩ ብዙም ያልጨመረ ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

እኔ በጣም የምወደውና እንድትሞክሩት የምፈልገው ግን የሚቀጥለው ነው። ከአንዱ ዘር ሁለት ማሰሮ ተክል አዘጋጁ፣ አንደኛውን በንጹህ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ውስጡ 35 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ለሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት፣ በማግስቱ የሁለቱንም ቅጠል ፈትኑ። ለስላሳ ሙቀት ቀድሞ ያየው ተክል ብዙ ጊዜ የተሻለ ይችላል፣ ምክንያቱም ሙቀት ሲነካው ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይበላሹ የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን ይሰራል፣ የዚህን የጂን ምላሽ ፌሩቾ ሪቶሳ የሚባል ጣሊያናዊ ነው በ1962 (በፈረንጆቹ) የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያገኘው።

አንድ ብልቃጥ ብቻ ሰርታችሁ ውጤት አገኘን እንዳትሉ፣ ለእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ሦስት ይሁን፣ ብልቃጦቹ ላይም የዘሩን ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ጻፉ፣ የሚያነበው ሰው የትኛው የማን እንደሆነ ሳያውቅ እንዲያነብ።