ደንበኛ ስልክ እየዘጋ ላስቸገራችሁ

ድሬዳዋ ውስጥ በስልክ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ቡድን እመራለሁ። ደንበኛ ስልኩን ያነሳል፣ ሰላምታው ሳያልቅ ይዘጋል። ከምሳ በኋላማ ጭራሽ አያነሳም።

መጀመሪያ ንግግሩን አሳጠርን፤ አልሠራም። ኮሚሽን ጨመርን፤ ልጆቹ ብዙ ደወሉ፣ ሽያጩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ የተቀዱ ጥሪዎችን ቁጭ ብለን አዳመጥን። ሁሉም በአማርኛ ብቻ ነው። እዚህ ከተማ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀናው ደንበኛ ስንት ነው! ኤክሴሉ ላይ "ቋንቋ" የሚል ዓምድ ጨመርን፣ ደዋዮችንም በዚያው መደብን። አዲስ ደንበኛን ከሰላምታ ቀጥሎ "በየትኛው ቋንቋ ብናወራ ይመችዎታል?" እንለዋለን። ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ሰው መስመር ላይ አቆየችልን።

ሰዓቱንም ቀየርን። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል። አሁን ጠዋት እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ እንደውላለን። በመሀል ያለውን ጊዜ ለመዝገብ ማስተካከያ አዋልነው።