አሮጌ ምንሽር አልመታ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ ዙሪያ ከአያት የወረደ ምንሽር ወይም በልጅግ (የቤልጅግ ማውዘር) በሕጋዊ ፈቃድ የያዘ ሰው፣ ጥይቱ ካለመበት ሲርቅበት መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ማነጣጠሪያው ነው። ብዙ ጠመንጃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማነጣጠሪያ የሚነካው በመጨረሻ ነው።

ከሁሉ በፊት በሽታውን ይለዩ። ካዝናውንና ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜሉን ቂጥ በዓይንም በጣትም አይተው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ፍተሻውን ይጀምሩ። ተኩሱ መተኮስ በተፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከከተማ ዳር ያለው ሜዳ ባዶ ቢመስልም ይህ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ከጉብታው ማዶ እረኛ አለ። በ50 ሜትር ላይ ወረቀት ይትከሉ፣ ግማሽ ድረስ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ከካዝናው ፊት ካለው እንጨት ሥር ያድርጉ (በርሜሉ ጆንያውን መንካት የለበትም)፣ ሁልጊዜ አንድ ነጥብ እያለሙ 5 ጥይት ይተኩሱ። አምስቱ ቀዳዳ አንድ ላይ ተሰብስቦ ወደ ጎን ከወደቀ ችግሩ የማነጣጠሪያ ነው። ተበታትኖ ከወደቀ ግን ማነጣጠሪያው ንጹሕ ነው፤ ምክንያቱን በበርሜሉ፣ በብሎኖቹ፣ በእንጨቱ ወይም በጥይቱ ይፈልጉ። በ3 ጥይት መፍረድም ስህተት ነው፤ ሦስት ቀዳዳ በአጋጣሚ ይሰበሰባል።

በርሜልን በዘይት ብቻ መወልወል አሮጌ ጠመንጃን ከሁሉ በላይ የጎዳ ልማድ ነው። የብዙ የድሮ ወታደራዊ ጥይት መቀስቀሻ (መርፌው የሚመታው የቂጡ ክፍል) ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲነድ የሚተወው ፖታሲየም ክሎራይድ የወጥ ጨው ዘመድ ነው፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል፣ በክረምት ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ጨው በዘይትም በነጭ ጋዝም አይሟሟም። የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ በተተኮሰበት ዕለት የፈላ ውኃ በበርሜሉ ውስጥ ያፍስሱ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ያድርቁ፣ ዘይቱን ከዚያ በኋላ በስሱ ይቀቡ። ከመተኮስዎ በፊት ደግሞ ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ያውጡት፤ ዘይት የጠጣ በርሜል የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ሌላ ቦታ ይጥላል።

ጥላሸት ከወጣ በኋላ ከአረሩ (ከጥይቱ ተወርውሮ ከሚሄደው ክፍል) ልባስ የሚቀር መዳብም አለ። በአሞኒያ የተሠራ የበርሜል ማጽጃ የነካው ጨርቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መዳቡ ገና አልለቀቀም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙ እንጂ ማጽጃውን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ ውስጥ አያቆዩ። ለአሥርተ ዓመታት ያልጸዳ በርሜል ይህ ብቻ ቀናት ሊፈጅበት ይችላል፤ ትዕግሥቱ ግን ያዋጣል፣ «አለቀለት» የተባለ ጠመንጃ እዚህ ላይ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የብረት ዘንግ በአፈሙዝ በኩል እያስገቡ መወልወልም ጉዳት አለው። ዘንጉ የአፈሙዙን ጫፍ በአንድ በኩል እየፋቀ ያሰፋዋል። አረሩ በመጨረሻ የሚለቀው ያ ጫፍ ስለሆነ፣ በአንድ ጎን ከተበላ ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያዘነብለዋል። በማውዘር ዓይነቶች መዝጊያው በቀላሉ ስለሚወጣ ከኋላ መወልወል ይቻላል። አፈሙዙን ለመመርመር በጥጥ ዙሪያውን ይጥረጉ፤ ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ብረቱ ተጎድቷል። ጥቂት ከተኮሱ በኋላ ጫፉ ላይ የሚታየው የጥላሸት ኮከብም ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በሞረድ ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ይህ የቶርኖ ሥራ ነው።

የብሎኖቹ ነገር አጭር ነው፣ ግን ይረሳል። በልጅግን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ከሥር ያሉት ሁለት ብሎኖች ናቸው። በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ በክረምት የጠበቀው ጥር ላይ ይላላል፤ ብረቱም በየተኩሱ ቦታውን ይለውጣል። ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይዘው መጀመሪያ የፊቱን ቀጥሎ የኋላውን ያጥብቁ። በብሎኑና በዙሪያው ባለው ብረት ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ያስምሩ፤ ከ10 ጥይት በኋላ መስመሩ ከተላለፈ ብሎኑ ዞሯል። በኋላው ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ያለችው የብረት ቱቦ ከጠፋች ደግሞ ማጥበቁ እንጨቱን ከመጨፍለቅ በቀር ጥቅም የለውም።

የተገኘውን ጥይት ሁሉ ደባልቆ መተኮስ ሌላው ስህተት ነው። ለ7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘር 10 ግራም አካባቢ የሆነ ቀላል አረርም፣ 12.8 ግራም የሆነ ከባድ አረርም ተሠርቷል፤ ሁለቱ በአንድ ማነጣጠሪያ አንድ ቦታ አይመቱም። የቀለሁን ቂጥ እያዩ ፋብሪካና ዓመተ ምሕረቱ አንድ የሆነውን ለብቻ ይለዩ። የጣልያኑ 6.5 ካርካኖ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ አረሩ 6.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የሌሎች 6.5 ጠመንጃዎች አረር ግን 6.7 ብቻ ስለሆነ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ቦይ በደንብ አይይዝም። ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ረዘም ካለ አረሩ በጎኑ እየሄደ ነው። ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳም ወዲያው አይክፈቱ፤ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ይፈነዳልና አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ይጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አምስቱ ጥይት ከተሰበሰበ ማነጣጠሪያው ይነካል። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከወደቀ የፊቱን ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ብዙዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ልኩን በሒሳብ ያግኙት፦ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር መግፋት በ50 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። የፊቱን ጫፍ መሞረድ ጥይቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የተሞረደ ግን አይመለስምና የሚጠቀሙበትን ጥይት ሳይወስኑ ሞረድ አያንሡ። የአዲስ አበባን ከፍታ ምክንያት ማድረግም አያስኬድም፤ አየሩ ስስ ቢሆንም በ100 ሜትር የሚያመጣው ልዩነት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ነው።

የመዝጊያው ቁጥርና የጠመንጃው ቁጥር ካልተመሳሰለ ግን ስለ ማነጣጠር ማሰብ ገና ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ብርሃን ይዘው ይዩት፤ ከቂጡ ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ወይም ስንጥቅ ካለበት መዝጊያው ጥይቱን አጥብቆ እየያዘ አይደለም። ያን ጠመንጃ ባለሙያ ሳያየው ሁለተኛ አይተኩሱበት።